ላብ ሀብት የሚሆነው መቼ ነው?

ቡሬ ላይ «እገሌ እንዴት አለፈለት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «እንቅልፍ የለውም፤ ሲሠራ ነው የሚያድረው» ይላል። ሌላው «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ሁለቱም መልሶች የሚተዉት ነገር አለ። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ከጎረቤቱ እኩል የሚያርስ፣ እኩል የሚያርም፣ እኩል የሚያጭድ፣ ሐምሌ ሲገባ ግን ጎረቤቱ እህል ሲሸጥ እሱ እህል የሚበደር ገበሬ በየቀበሌው አለ። ይህን ሰው «ጠንክረህ ሥራ» ብሎ መምከር አይረባውም፤ ጠንክሮ እየሠራ ነውና። «ዕድልህ ነው» ማለትም አይረባውም፤ ነገ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውምና።

ይህ ማብራሪያ በእነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ለማሳየት የተጻፈ ነው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ከድህነት የሚያወጣው ከየዓመቱ ድካም ተርፎ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሻገረው ጥሪት ነው። የሚሻገር ነገር ከሌለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ታታሪም ድሃም ሆኖ ሊኖር ይችላል። «አስተሳሰብ» የሚባለውም ቢሆን ጥቅሙ የሚታየው ይህን ጥሪት በማትረፍና በመጠበቅ ላይ ነው።

የዓመቱ ሥራና የዓመቱ ገንዘብ

የምዕራብ ጎጃሟ ቡሬ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ቡሬ፣ ወምበርማ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ደንበጫ እያሉ የሚዘልቁት ወረዳዎች ዝናብ እምብዛም የማይነፍጋቸው፣ በበቆሎ ምርት ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ከሆኑት አካባቢዎች ናቸው። ገበሬው የዘር ዓይነት በስም ለይቶ ያውቃል፤ «ሾኔ ይሻላል»፣ «የለም፣ ሊሙ ይሻላል» ብሎ ይከራከራል። ከበቆሎው ጎን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ፣ ድንችና በርበሬ አለ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ ዛላ በርበሬ ነጋዴ ከሩቅ ከተማ መኪና አስነሥቶ የሚመጣለት ሸቀጥ ነው።

ሥራውም ቀላል አይደለም። መሬቱ በበሬ ተደጋግሞ ይታረሳል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይዘራል፤ ሐምሌ ላይ ሽልሻሎና አረም ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ ቆረጣና ፍልፈላ ይከተላል። ስለዚህ ስንፍና ነው የሚል ሰው ክረምቱን እዚያ አልነበረም ማለት ነው።

ችግሩ ያለው በዓመቱ አወራረድ ላይ ነው። መስኖ የሌለው ቤተሰብ ከጥር እስከ ሚያዝያ እጁ ይፈታል። በእነዚሁ ወራት ግን ገንዘብ ይገባል፤ እህሉ የሚሸጠው ያኔ ነውና። ወጪውም የሚመጣው ያኔ ነው፤ የመሬት ግብር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ሰርግ፣ ተዝካር፣ ክርስትና። ሰኔ ሲገባ ሥራው ይከብዳል፣ ገንዘቡ ደግሞ አልቋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ከባዱ ጉልበት የሚፈስበትም ጎተራው ባዶ የሚሆንበትም ወቅት ነው። ክረምቱን ለመሻገር የተበደረ ሰው ደግሞ ጥር ላይ የሚያገኘውን ገንዘብ ገና ሳይቀበለው በልቶታል።

ጥሪት የቋጠሩት ቤተሰቦች መጀመሪያ የሚያደርጉት አንድ ነገር የበጋውን ወራት ሥራ መስጠት ነው። ፈጣምን ከመሰሉ ወንዞችና ከየሸለቆው ጅረት አጠገብ መሬት ያለው ውኃ በቦይ ወይም በሞተር ስቦ ድንችና ሽንኩርት ያለማል። እዚያው ጎጃም ውስጥ፣ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ እንዲለማ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እዚያ ያለ ገበሬ በአንድ መሬት በዓመት ሁለት ጊዜ ማምረት ጀምሯል፤ አቮካዶ ተክሎ ለውጭ ገበያ ያቀረበም አለ። ውኃ የሌለው ደግሞ በግ ያደልባል፣ ንብ ያነባል፣ ግንበኝነት ወይም አናጢነት ይዞ ከተማ ይወርዳል። ወቅቱ በጋ ባይሆንም ወደ መተማ ወርዶ የሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚሠራውም ጎጃሜ ብዙ ነው። በዚህኛው ግን ሒሳቡን መያዝ ያሻል፤ የወባ ሕክምና፣ የመኪናና የምግብ ወጪ ሲነሣ ቤት የሚደርሰው ገንዘብ ከተወራው ሊያንስ ይችላል።

የጥር ገበያ

አሁን ጥሪት የሚያፈስበትን አንድ ቀዳዳ እንይ። ጥር ላይ በቆሎ ርካሽ ነው፤ ሁሉም ስለሚሸጥ። ሐምሌ ላይ ውድ ነው፤ ሁሉም ስለሚገዛ። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ታዲያ ለምን ጥር ላይ ይሸጣል? ሦስት ምክንያት አለው፤ ዕዳ፣ ድግስ እና ነቀዝ።

ነቀዝን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። እንስቷ ነቀዝ የበቆሎዋን ፍሬ በስታ እንቁላሏን ውስጥ ታስቀምጣለች፤ እጩ ከውስጥ ሆኖ ዱቄቱን እየበላ ያድግና ሌላ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ከውጭ ሙሉ የሚመስለው ኩንታል በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀልላል። ይህን ደጋግሞ ያየ ሰው «ነቀዝ ከሚበላው ርካሽም ቢሆን ይሸጥ» ቢል አይፈረድበትም። አንዳንዱ ደግሞ የነቀዝ ክኒን ገዝቶ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ያስቀምጣል። ክኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ቤተሰብ በሚያድርበት ክፍል ፈጽሞ መግባት የለበትም።

መፍትሔው በገበያ ላይ አለ፤ ፒክስ የሚባለው ከረጢት ነው። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከውጭ ተራ የማዳበሪያ ጆንያ አለው። እህሉ በደንብ ይደርቃል፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ማለት አለበት። ከዚያ በውስጠኛው ፕላስቲክ ተሞልቶ አየሩ በእጅ ተጨምቆ ይወጣል፤ አፉ ተጠምዝዞ ይታሠራል፤ ሁለተኛው ፕላስቲክ ለብቻው፣ የውጭው ጆንያም ለብቻው ይታሠራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም። እንዳይቀደድ ከግድግዳ ራቅ ብሎ በርብራብ ላይ መቀመጥ፣ ከአይጥም መጠበቅ አለበት።

ሒሳቡን እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ እንጂ የዘንድሮ ዋጋ አይደሉም። አንድ ገበሬ ጥር ላይ ኩንታሉን በ3,000 ብር መሸጥ ይችላል፤ ሐምሌ ላይ 4,000 ብር ያወጣል እንበል። 10 ኩንታል ቢያቆይ 10,000 ብር ልዩነት አለው፤ የከረጢቱ ዋጋ ሲነሣም የሚተርፈው ለአንድ በግ ወይም ለልጅ የትምህርት ዓመት የሚበቃ ነው። ይህን ገንዘብ ያገኘው አንድም ተጨማሪ ትልም ሳያርስ ነው። በእርግጥ ዋጋው ሳይጨምር የሚቀርበት ዓመት ይኖራል፤ ስለዚህ ሁሉንም ማቆየት ቁማር ነው። ልምድ ያላቸው ለዕዳና ለአስቸኳይ ወጪ የሚበቃውን ሸጠው የቀረውን ከፋፍለው ያወጣሉ። የበርበሬም ነገር እንዲሁ ነው፤ በደንብ የቀላውን ብቻ ለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ያደረቀና የነጣውን ለይቶ ያቀረበ ሰው ከዚያው ማሳ የተሻለ ዋጋ ያገኛል።

አስተሳሰብ ሲባል ምን ማለት ነው?

«ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር» ይባላል። ተረቱ የሚሳለቅ ይመስላል፤ ተመራማሪዎች ግን ይህንኑ የሕልም ጉዳይ በቁም ነገር ይዘው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈትነውታል።

በ2003 ዓ.ም. ገደማ ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በምዕራብ ሐረርጌ፣ ዶባ ወረዳ ለገበሬዎች ፊልም አሳዩ። ፊልሞቹ አራት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ያህል ናቸው። የሚያሳዩት የውጭ አገር ሚሊየነር አይደለም፤ በገጠር ኦሮሚያ የሚኖሩ፣ እንደ ተመልካቹ ከችግር ተነሥተው በእርሻ ወይም በአነስተኛ ንግድ ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ነው። ሌሎች ገበሬዎች ደግሞ ለንጽጽር ተራ የመዝናኛ ዝግጅት አዩ። ከስድስት ወር በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲጠይቁ የኑሮ ፊልሙን ያዩት ከሌሎቹ ይልቅ መቆጠብና ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት መላክ ጨምረው አገኟቸው። ገንዘብ አልተሰጣቸውም፤ ዘር አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸው «እኔን የመሰለ ሰው ይህን አደረገ» የሚል ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ አስተሳሰብ ማለት ምን እንደሆነ ይለያል። «ሀብታም እሆናለሁ» ብሎ መፎከር አይደለም። ዛሬ የማደርገው ነገር የነገ ኑሮዬን ይለውጣል ብሎ ማመን ነው። የአርባ ቀን ዕድል ነው ብሎ የሚያምን ሰው ለምን ይቆጥባል? ለምን በቆሎውን እስከ ሐምሌ ያቆያል? በእሱ ሒሳብ የሚመጣው ይመጣል። ስለዚህ አርአያ የሚሆነው ሰው ቅርብና ተመሳሳይ መሆን አለበት። ባለ ብዙ ሄክታር ሞዴል አርሶ አደር በስብሰባ ላይ ሲሸለም ያየ ባለ ግማሽ ሄክታር ገበሬ «እሱማ መሬት አለው» ብሎ ይመለሳል። ያው ግማሽ ሄክታር ያለው ጎረቤት ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ግን ሰበብ ይጠፋል።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ ለሚገኙ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች አዝመራ ከመሰብሰቡ በፊትና ከተሰበሰበ በኋላ የአእምሮ ፈተና ሰጥቷቸዋል። ያው ሰው ገንዘብ ባጠረው ወቅት ያመጣው ውጤት ገንዘብ ካገኘ በኋላ ካመጣው ያነሰ ነበር። ሰውየው አልተቀየረም፤ ሐሳቡ ግን በዕዳና በዕለት ጉርስ ተይዟል። ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው፤ ትልልቁን ውሳኔ ሐምሌ ላይ፣ አበዳሪው ደጅ ቆሞ ሳለ መወሰን አይገባም። የሚቀጥለው ዓመት ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የልጅ ትምህርትና የሚሸጠው እህል መጠን መወሰን ያለበት ጎተራው ሙሉ ሳለ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተሩ የባልም የሚስትም ስም የሚጻፍበት ነው፤ መሬቱ የጋራ ከሆነ የምርቱም ሒሳብ የጋራ መሆን አለበት።

የመጀመሪያዋ ጥሪት

በጎ አስተሳሰብ ብቻውን የማይዘልቅበት ቦታ አለ። መነሻ የሌለው ሰው ምን ያህል ቢያስብና ቢለፋ ትርፍ የሚሰጥ ሥራ ውስጥ መግባት አይችልም። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት እጅግ ድሃ ለሆኑ የገጠር ሴቶች ላምና ሥልጠና ሰጥቶ ነበር፤ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲከታተሏቸው ያገኙት ነገር ይገርማል። ከተሰጣቸው ጋር ተደምሮ ንብረታቸው ከአንድ መጠን በላይ የደረሰላቸው እያደጉ ሄዱ፤ ከዚያ በታች የቀሩት ግን ያገኙትንም ቀስ በቀስ አጥተው ወደነበሩበት ተመለሱ። የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ስንፍናና ትጋት ሳይሆን የመነሻው ማነስ ነበር። ላም ያላት ሴት ለላሟ መኖ መግዣ ከሌላት ላሟን ትሸጣለች።

ለምዕራብ ጎጃም የዚህ ትርጉሙ ከትንሹ ግን ከተሟላው መጀመር ነው። የአካባቢው ዋሸራ በግ ሥጋው የሚፈለግ፣ ቶሎ የሚደልብ ዝርያ ነው። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ሦስት ወር ያህል ሲቀር አስልቶ በግ የገዛ ሰው ድርቆሽ፣ የጠላ አተላ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እየቀለበ አድልቦ ይሸጣል። ገንዘቡ በቶሎ ይመለሳል፤ ሥራውን ሴቶችም ወጣቶችም በደጃቸው ይሠሩታል። ዋናው ጥንቃቄ በጉን ሲገዙ የመኖውንና የመድኃኒቱን ገንዘብ አብሮ መያዝ ነው። ሦስት በግ ገዝቶ ከማስራብ አንድ ገዝቶ ማጥገብ ይሻላል።

መነሻው ከየት ይመጣል? በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በሕዝቡ አጠራር አብቁተ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። መያዣ የሌለውን ሰው በቡድን ዋስትና ሲያበድር የኖረ ተቋም ነው። ብድር ግን ሁለት መልክ አለው። ብድሩ ከሚከፈልበት ቀን በፊት ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር ከተገዛበት መነሻ ይሆናል፤ ለድግስ ከዋለ ወይም የሌላ ዕዳ ከተከፈለበት የሚቀጥለውን ዓመት አዝመራ አስቀድሞ መብላት ነው። እቁብም እንዲሁ። ዕጣው ሲወጣ ምን እንደሚገዛበት ገና እቁቡ ሲጀመር ያልተወሰነ ገንዘብ ወጪ አያጣም።

አውራ አምባ ምን አሳየ?

በሥራ ባህል ላይ በክልሉ ውስጥ ከታዩት ምሳሌዎች ሁሉ የታወቀው በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ፣ ወረታ አቅራቢያ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ነው። በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ መሠረቱት። ዙምራ መደበኛ ትምህርት ያልተማሩ ገበሬ ናቸው። ማኅበረሰቡ ከአካባቢው በደረሰበት ጫና ተሰድዶ የተመለሰ ነው፤ ሲመለስ ያገኘው መሬት ለእርሻ የማይበቃ ጠባብ ነበር። «መሬት የለንም» ብሎ ከመቀመጥ ወደ ሽመና፣ ወደ እህል ወፍጮና ወደ ንግድ ዞረ።

ከዚያ ሁለት ነገር መማር ይቻላል። አንደኛው የሴት ሥራና የወንድ ሥራ የሚባለውን መተዋቸው ነው። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ ማንም በሚችለውና በሚያስፈልገው ቦታ ይሠራል። በተራው የገጠር ቤት ሴቷ ውኃና እንጨት ስታመላልስ፣ ስትፈጭ፣ ስታርም ቀኑ ይመሻል፤ ወንዱ በበጋ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሳለ እንኳ እንስራ አይሸከምም። የአንድ ቤት ጉልበት ግማሹ ከአቅም በላይ ሲሠራ ግማሹ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ወር አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሙያን አለመናቅ ነው። ሸማኔን፣ ቀጥቃጭን፣ ፋቂን፣ ሸክላ ሠሪን በስድብ ስም መጥራት በአገራችን ሥር የሰደደ ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ከባድ ስለነበረ ነው። ዛሬም 10ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ «ሊስትሮ ከምሆን ቁጭ ብዬ የመንግሥት ሥራ ልጠብቅ» ሲል የድሮው ንቀት አልወጣም። ብየዳ፣ የሞተር ጥገና፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የያዘ ወጣት ዲግሪ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚያነበው ጓደኛው ቀድሞ የቤት ኪራዩን ሲከፍል በየከተማው እናያለን።

አውራ አምባዎች የበዓል ቀናትን እንደ ሌላው አያከብሩም፤ ይህ የእነሱ መንገድ ነው፤ በጎጃም ምድር ሃይማኖቱን ትቶ ይሥራ የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም፣ ሊያገኝም አይገባውም። ነገር ግን አቦ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም እየተባለ በየወሩ ሞፈር የማይነሣባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የትኛው በዓል በእርግጥ ሥራ እንደሚከለክል፣ የትኛው ደግሞ በልማድ እንደተጨመረ ከካህናቱ ጋር ተነጋግሮ መለየት ነውር አይደለም። ማረስ በማይቻልበት ቀን እንኳ ገበያ መሄድ፣ አጥር ማጠር፣ የዓመቱን ሒሳብ ማስላት ይቻላል።

ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ሲመጣ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቡሬ በስም የምትነሣው በበቆሎ ብቻ አይደለም። በአገሪቱ ለሙከራ ከተመረጡት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ የተገነባው እዚያ ነው፤ ሦስቱ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የባለሀብቱ የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ ንብረት የሆነው ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመረቀ፤ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሯል። ይህን የሚያህል ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ የሚያስፈልገው የቅባት እህል ብዙ ነው።

ፋብሪካ መኖሩ ብቻ ግን ማንንም አያበለጽግም። ጥቅሙን የሚያገኘው ሦስት ነገር ያዘጋጀ ሰው ነው። አንደኛው አቅርቦት ነው፤ ፋብሪካ በኩንታል አይነጋገርም፣ በመኪና ነው። ሁለት ኩንታል አኩሪ አተር ያለው ገበሬ ብቻውን ቢሄድ ደላላ ላይ ይወድቃል፤ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ከሌሎች ጋር አከማችቶ ቢያቀርብ ዋጋ ይጠይቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ሁለተኛው ሙያ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ከሚሸከመው ይልቅ ማሽን የሚጠግነው የተሻለ ይከፈለዋል፤ ለዚህ በከተማዋ ያለው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ቅርብ ነው። ሦስተኛው ጎን ለጎን ያለው ንግድ ነው፤ ዘይት ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ ቀደም ብለን ላነሣናት በግ ምርጥ ቀለብ ነው። ለሠራተኛው ምግብ የሚያቀርብ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ክፍል የሚያከራይ ሰውም የሚኖረው ከፋብሪካው ነው።

በጉልበትና በሐሳብ ብቻ የማይፈታው

«ድሃ ሊወቅስ የሚገባው ራሱን ነው» የሚል ንግግር በዝቷል። ንግግሩ ግማሽ እውነት እንኳ የማይሆንበት ጊዜ አለ። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ አሲዳማ አፈር ፎስፈረሱን ስለሚይዘው የተጨመረው ማዳበሪያ ለሰብሉ በቅጡ አይደርሰውም። ገበሬው ዋጋ ከፍሎ ማዳበሪያ ጨምሮ ምርቱ ሲያንስ ጥፋቱ የስንፍና አይደለም፤ መሬቱ ኖራ ይፈልጋል። ኖራ ደግሞ ብዛት ያለውና ከባድ ስለሆነ አንድ ገበሬ ብቻውን አጓጉዞ አይችለውም።

መሬት እየጠበበ ነው፤ አባት ለሦስት ልጆች ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በሬ አዙሮ የማያሳርስ ይሆናል። ማዳበሪያ በሰዓቱ የማይደርስበት ዓመት አለ፤ በ2015 ዓ.ም. የክልሉ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ያሉት ለዚህ ነበር። ከዚያው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው የትጥቅ ግጭት ደግሞ መንገድ ዘግቷል፣ ትምህርት ቤት ዘግቷል፣ ገበያ በትኗል። መኪና በማያልፍበት ሳምንት እስከ ሐምሌ የቆየው በቆሎም ገዢ አያገኝም። ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ያጣው ዓመት በአባቱ ትጋት አይመለስም። ሰላምና አገልግሎት የመንግሥትና የኃይል ባለቤቶች ሁሉ ዕዳ ነው፤ ይህን ዕዳ በድሃው አስተሳሰብ ላይ ማላከክ ፍትሕ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ እስኪስተካከል መጠበቅ የማያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ፤ እንዲያውም ክፉ ቀን ጥሪት ያለውንና የሌለውን ይበልጥ ይለያል። ጎተራው ውስጥ እህል ያቆየ ቤተሰብ መንገድ ሲዘጋ ቢያንስ የሚበላው አለው።

ከየት ይጀመር?

መጀመሪያ ደብተር። ልጆቹ የጨረሱት ደብተር የኋላ ገጽ ይበቃል። በአንድ በኩል የገባው፣ በሌላው የወጣው፣ በሦስተኛው የሰው ዕዳ ይጻፋል። መጻፍ የማይችል ወላጅ ልጁን ያጽፋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ደብተሩ ማንም መካሪ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል፤ ለሰርግና ለተዝካር የወጣው ከማዳበሪያ ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ የትኛው ማሳ ወጪውን እንደማይመልስ።

ሁለተኛ፣ ድግስን መጠን ማስያዝ። ይህ ለብቻ ከባድ ነው፤ «ስስታም» መባልን ማንም አይወድም። እድሩ ወይም ማኅበሩ ሲወስን ግን ቀላል ይሆናል፤ ሁሉም እኩል ስለሚቀንስ ማንም አያፍርም።

ሦስተኛ፣ ለበጋው ወራት አንድ ሥራ መምረጥ፤ አንድ ብቻ። ውኃ ካለ ሽንኩርት፣ ከሌለ በግ፣ ቀፎ ወይም ሙያ። በባህላዊ ቀፎ የሚያነባ ሰው ከሁለት በማይበልጥ ዘመናዊ ቀፎ ይሞክር፤ በሰም አያያዙ ሠልጥኖ ሲለምደው ይጨምራል። ሁሉንም በአንድ ዓመት የጀመረ አንዱንም በቅጡ አይዝም።

አራተኛ፣ ከምርቱ ቢያንስ ጥቂቱን ኩንታል ከጥር ገበያ ማስቀረትና በማይነቅዝበት መንገድ ማስቀመጥ። ከዚያ የተገኘው ልዩነት ከቤት ወጪ ጋር ሳይቀላቀል ወደ መነሻ ጥሪቱ ይግባ፤ በመጀመሪያው ዓመት አንድ በግ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ጥጃ ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ቅድመ ክፍያ።

አምስተኛ፣ ልጆችን በትምህርት ወይም በሙያ ማቆየት። መሬቱ ለሁሉም አይደርስም፤ ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ ከእርሻ ውጭ የሚበሉበትን መንገድ ገና በልጅነታቸው ማሰብ የወላጅ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ያደረገ ቤተሰብ በአንድ ዓመት ባለጠጋ አይሆንም። ሦስትና አራት አዝመራ ይፈጃል፤ መካከል ላይ በግ ይሞታል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ በሽታ በርበሬውን ያጠወልጋል። ለውጡ መጀመሩ የሚታወቀው ቆርቆሮ ቤት በመሥራት አይደለም። ክረምት ሲገባ ያለ ብድር መሻገር የቻለ ቤተሰብ በሚቀጥለው ጥር እህሉን በራሱ ጊዜና በራሱ ዋጋ ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያፈሰው ላብ የራሱ ነው።